ከተቃጠለ መዳብ ላይ የሚበቅል ሽቦ

ብቸና ገበያ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ከተከደነች ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የእህል ወፍጮ ሞተር ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል። ጥቅሉ ነዷል። ወጣቱ ባለሙያ አሮጌውን የመዳብ ሽቦ በፒንሳ እየጎተተ ያወጣና ከሰል ምድጃ ላይ ይጥለዋል፤ ሽቦው የተቀባው ቫርኒሽ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ነው። ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ለሳንባም አይበጅም። “ጋሼ፣ በዚህ በኩል ይሁኑ፣ ጭሱ ወደ እርስዎ ዞሯል” ይለኛል፤ እሱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ሥራው ለእሱ ግልጽ ነው። አዲስ ሽቦ ይጠቀለላል፣ ሞተሩ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይመለሳል፣ አሮጌው መዳብ በኪሎ ይሸጣል። “ቀይ እንዳለ ካወጣሁት ደህና ይከፍላሉ። ከጠቆረ ግን ይከራከሩኛል” አለ። ከምድጃው ዳር ተረስቶ የቀረ ቁራጭ አንስቼ አጠፍኩት። ጥቁሩ ቅርፊት ተፈረፈረና ከሥሩ የሸክላ መልክ ያለው ቀይ ሽፋን ብቅ አለ። በቢላ ጫፍ ስፍቀው ደግሞ የሚያብለጨልጨው መዳብ ታየ። በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቧል ማለት ነው፦ ከመሐል መዳቡ፣ ቀጥሎ ሁለት መዳብ ለአንድ ኦክስጅን የሆነበት ቀዩ ኦክሳይድ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ለአንድ የሆኑበት ጥቁሩ ኦክሳይድ።

ገዥው የሚከራከርበት ይህ ጥቁርና ቀይ ልባስ ሁለቱም ሴሚኮንዳክተር ነው። ስልክ ውስጥ ካለው ሲሊኮን ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን እንዳሻው አያሳልፍም፣ እንደ ሸክላም ጨርሶ አይከለክልም፤ ሙቀት ወይም ብርሃን ሲያገኝ ይከፈታል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሹቹዋን ጂያንግ፣ ተርስተን ሄሪክስና ዩናን ዢያ “ናኖ ሌተርስ” በተባለው መጽሔት አንድ ቀላል የሚመስል ሥራ አሳተሙ። መዳብን በአየር ውስጥ ከ400 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ሲያቆዩት፣ ከላዩ ላይ እጅግ ቀጫጭን የጥቁር ኦክሳይድ ሽቦዎች ቆመው ይበቅላሉ። ውፍረታቸው ከ30 እስከ 100 ናኖ ሜትር፣ ርዝመታቸው እስከ 15 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል። ወርቅ አልተጨመረም፣ አየር አልተመጠጠም፣ ውድ ጋዝ አልፈሰሰም። ምድጃና ጥቂት ሰዓታት በቂ ነበሩ።

ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ብቸና ያለችበት የእነማይ ወረዳ በጤፉ ይታወቃልና በጤፍ እንለካው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች። 100 ናኖ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ሽቦዎች ጎን ለጎን ብንደረድር ከጫፍ እስከ ጫፏ 10,000 ይሰለፋሉ። ዓይን እዚያ አይደርስም፤ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕም አያሳየውም። ከብርሃን ሞገድ ያነሰን ነገር በብርሃን አጥርቶ ማየት ስለማይቻል የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግድ ይላል።

ሽቦው ለምን ይበቅላል? ብዙ ተመራማሪዎች የሚያስቀምጡት ምክንያት ይህ ነው። መዳቡ ሲግል አቶሞቹ በቀዩ ኦክሳይድ ውስጥ እየሾለኩ ወደ ላይ፣ ወደ ኦክስጅኑ ይወጣሉ። ሽፋኖቹ የተለያየ ቦታ ስለሚፈልጉ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ። ጭንቀቱ መውጫ ሲያጣ ቁሱ በስንጥቅና በድንበሩ በኩል ወደ ላይ ይገፋል፤ የተገፋው አቶም ባለበት እየተደረደረ ሽቦ ይሆናል።

በብቸናዋ ምድጃ ላይ ናኖ ሽቦ በቅሏል ብዬ ግን አልምልም። የከሰል እሳት ኦክስጅኑን ራሱ ይሻማል፣ ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ባለሙያውም ሽቦውን ቶሎ ማንሳት ይፈልጋል። የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው፤ በዓለም ምርጥ መጽሔት የታተመው ሥራና የገበያው ሥራ የጀመሩት ከአንድ ቁስና ከአንድ እሳት ነው። የሚለያዩት ከእሳቱ በኋላ ነው፤ የገበያው በዓይኑ አይቶ በኪሎ ይሸጣል፣ የመጽሔቱ በኤሌክትሮን አይቶ በአምፔር ይለካል።

ቀዩ ኦክሳይድ ለኤሌክትሮኒክስ እንግዳ አይደለም። በ1920ዎቹ፣ ትራንዚስተር ከመፈልሰፉ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግሮንዳል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከመዳብ ዝርግና ከዚሁ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ሬዲዮዎችና ባትሪ መሙያዎች ለዓመታት በእሱ ሠርተዋል። ከዚያ ሴሊኒየም መጣ፣ ጀርመኒየም ተከተለ፣ ሲሊኮን ሁሉንም ጠቅልሎ ወሰደና መዳብ ተረሳ።

መልሶ ያስታወሰው የፀሐይ ጉዳይ ነው። ከኦክሳይዱ ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ለማስነሳት 2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ያስፈልጋል። ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይህ ጉልበት አላቸው፤ ጥልቁ ቀይ ብርሃን የለውም። ቁሱ ቀይ ሆኖ የሚታየንም ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ውጦ ቀዩን ስለሚመልሰው ነው። የተነሳው ኤሌክትሮን ደግሞ ውኃ ውስጥ ካለ ሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ ወደ ጋዝነት የሚለውጥ አቅም አለው። ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመክፈል ቢያንስ 1.23 ቮልት ይጠይቃል፤ ከፊሉን ወጪ ፀሐይ ትሸፍናለች ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ሃይድሮጅን የተጠራቀመ ፀሐይ ነው፤ ሌሊትም ያገለግላል።

እንቅፋቶቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የርቀት ነው። ብርሃን በቀዩ ኦክሳይድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተውጦ እስኪያልቅ ብዙ ማይክሮ ሜትር ዘልቆ ሊገባ ይችላል፤ የተነሳው ኤሌክትሮን ግን በተለመደው አሠራር የሚጓዘው ከ20 እስከ 100 ናኖ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ነበረበት ክፍት ቦታ ተመልሶ ይወድቃል፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በጠፍጣፋ ሰሌዳ ውስጥ ከታች የተነሳው ኤሌክትሮን ላይኛው ገጽ ሳይደርስ ይጠፋል። ሽቦው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑ በሽቦው ቁመት ላይ ይወርዳል፣ ረጅም መንገድ ያገኛል፤ ኤሌክትሮኑ ደግሞ በጎን በኩል ይወጣል፣ መንገዱም አጭር ነው። ለብርሃን ጥልቅ፣ ለኤሌክትሮን ቅርብ የሆነ ቅርጽ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ሁለተኛው እንቅፋት ይብሳል። ቀዩ ኦክሳይድ ውኃ ውስጥ ሆኖ ብርሃን ሲመታው የራሱ ኤሌክትሮኖች ራሱን ያጠቁታል። ሃይድሮጅኑን ከማምረት ይልቅ ኦክሳይዱን መልሰው ወደ መዳብ ይለውጡታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊዘርላንድ ሎዛን፣ በሚካኤል ግሬትዘል ላብራቶሪ፣ አድሪያና ፓራኪኖና ባልደረቦቿ ኦክሳይዱን በዚንክና በቲታኒየም ኦክሳይድ ስስ ልባስ ከውኃው ጋርደው በካሬ ሴንቲ ሜትር እስከ 7.6 ሚሊ አምፔር አገኙ። የቁሱ የመጨረሻ ጣሪያ በስሌት 14.7 አካባቢ ነው። ጥሩ ውጤት ነበር፤ ልባሱ የሚሠራበት ማሽን ግን አቶሞችን ንብርብር በንብርብር የሚያስቀምጥ፣ በየዩኒቨርሲቲው የማይገኝ ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ታይፔ፣ ታይዋን ውስጥ ሌላ ልባስ ተሞከረ። በናሽናል ታይዋን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ቢንግ ጆ ህዋንግ ቡድን የተሠራው ይህ ጥናት በ2014 በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪ መጽሔት ሲወጣ ግንባር ቀደም ሆኖ የሰፈረው ስም አማረ አረጋኸኝ ዱባለ ነው። አንደበት ገዳሙ ታምራትና በለጠ አሰፋ አራጋውም ከደራሲዎቹ መካከል ናቸው። በናኖ ሽቦና እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ በሆነው በግራፊን ጉዳይ ሦስት ኢትዮጵያውያንን በአንድ ወረቀት ላይ ማግኘት የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። ያ ዩኒቨርሲቲ ባለፉት ዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ተማሪዎችን በባትሪና በፀሐይ ጉልበት ምርምር አስተምሯል።

የሠሩት ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ ናኖ ሽቦዎችን በግራፊን ማልበስ ነበር። ሽቦዎቹን ለማብቀል በዘርፉ የተለመደው መንገድ በውኃ ይጀምራል። ንጹሕ መዳብ ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ሲነከርና በኬሚካል ወይም በኤሌክትሪክ ኦክስጅን ሲሰጠው ገጹ ወደ ቀላል ሰማያዊ ይለወጣል። ሰማያዊው እንደ ሣር የቆመ የመዳብ ሃይድሮክሳይድ ሽቦ ነው። ከዚያ እቶን ውስጥ ይገባል። በአየር ከጋለ ጥቁር፣ በናይትሮጅን ተከቦ ከጋለ ቀይ ይወጣል። ግራፊኑም ቢሆን ከእርሳስ እምብርት ዘመድ ከግራፋይት ይጀምራል። በ1958 ሀመርስና ባልደረባው ባወጡት ዘዴ ግራፋይቱ በሰልፈሪክ አሲድና በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ተሰነጣጥቆ ቡናማ ፈሳሽ ይሆናል፤ ኦክስጅኑ ሲቀነስለት ወደ ጥቁሩ፣ ኤሌክትሪክ ወደሚያስተላልፈው ዓይነት ይመለሳል።

የታይፔው ውጤት በካሬ ሴንቲ ሜትር 4.8 ሚሊ አምፔር ነበር፤ ግራፊን ያልለበሰው ሽቦ ያገኘው 2.3 ነው። ልባሱ ኤሌክትሮኑን ከኦክሳይዱ ቶሎ ተቀብሎ ያሻግራል፣ ኦክሳይዱን ከውኃው ይጋርዳል፣ ስለዚህም ያለ ልባስ ቶሎ የሚሞተው ሽቦ ዕድሜ ይጨምራል። ከሎዛኑ ቁጥር ያነሰ ነው፤ ከጣሪያው ሲሶ ገደማ ላይ ቆሟል። እኔ ግን የምመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። እዚህ ውስጥ ያለው መዳብ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ አሲድ፣ ግራፋይትና እቶን ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሠራ ይሠራል።

ግራፊን ከዚህ የተለየ ሥራም አለው፤ የዘርፉ ሌላ ወገን የሚያተኩረው በእሱ ላይ ነው። ታይፔ ላይ ሽቦው ግራፊኑን ለበሰ፤ ኖርዌይ ላይ ሽቦው ግራፊኑ ላይ በቀለ።

አንድ አቶም ብቻ ውፍረት ያለውን ይህን የካርቦን ንጣፍ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2004 ማንቸስተር ላይ ከግራፋይት በማጣበቂያ ፕላስተር እየላጡ ለዩት፤ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት። ከሚወርድበት ብርሃን 2.3 በመቶውን ብቻ ያስቀራል፣ ኤሌክትሮን በላዩ እጅግ በፍጥነት ይሮጣል፣ ይታጠፋል፣ አይሰበርም። ጉድለቱ ሴሚኮንዳክተር አለመሆኑ ነው፤ ከፍቶ የሚዘጋው በር የለውም። ስለዚህ ብቻውን ትራንዚስተር አይሆንም፣ ብቻውን ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድም አይሆንም። ሴሚኮንዳክተር ተጨምሮበት ግን እንደ ወለልም እንደ ሽቦም ያገለግላል።

በትሮንድሃይም የሚገኘው የኖርዌይ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ከእነሱም መካከል ሔልግ ቬማንና ቢዮርን ኦቨ ፊምላንድ፣ በ2012 የጋሊየም አርሰናይድ ናኖ ሽቦዎችን በግራፋይትና ጥቂት ንብርብር ባለው ግራፊን ላይ ቀጥ ብለው ቆመው እንዲያድጉ ማድረጋቸውን አሳተሙ። ሥራው ክራዮናኖ የሚባል ኩባንያ ወለደ። ከባዱ ነገር ምን ነበር? አንድ ክሪስታል በሌላው ላይ ሲያድግ የታችኛውን የአቶም አሰላለፍ ተከትሎ ይቆማል፤ ልኩ ካልገጠመ ይወጠራል፣ ይሰነጠቃል። ግራፊን ደግሞ ላዩ ላይ የተዘረጋ ነጻ ኬሚካላዊ እጅ የለውም፤ የሚወድቅበት አቶም የሚይዘው አጥቶ ይንከባለላል። ጠፍጣፋ ንብርብር ልንዘረጋበት ብንሞክር ደሴት ደሴት ሆኖ ይሰበሰባል። የሽቦው እግር ግን ትንሽ ስለሆነ የልክ አለመግጠሙን ይችለዋል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። የጋሊየም ጠብታ ግራፊኑ ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ የአርሰኒክ ጨረር ይወርድበታል። ጠብታው አርሰኒኩን ውጦ ሲጠግብ ከሥሩ ክሪስታል ይወርዳል፤ ጠብታው ከፍ ይላል፣ ክሪስታሉ ይረዝማል። የዘዴው አባቶች ዋግነርና ኤሊስ ናቸው፤ በ1964 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ በወርቅ ጠብታ የሲሊኮን ጭራ አብቅለዋል። የትሮንድሃይሙ ግን የሚሠራው አየሩ እጅግ በጣም ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይጠጣል፣ አየር አልባነቱ ለወራት ሳይቋረጥ መጠበቅ አለበት። አንድ ጊዜ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ሥራው ከመጀመሪያ ይጀመራል። ጎጃም ውስጥ ይህን ማሽን ማቆም በእኔ ግምት ለዛሬ ቅንጦት ነው፤ ማሽኑ ቢመጣ እንኳ በዓመቱ ላስቲክ ለብሶ የሚቀመጥ ይሆናል።

ከብቸና ወደ ሰሜን፣ ደብረ ወርቅን አልፎ፣ ጮቄን በግራ የዓባይን ሸለቆ በቀኝ ይዞ የሚሄደው መንገድ ሞጣ ያደርሳል። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ እዚህ የሚወርደው ፀሐይ በላብራቶሪ መለኪያነት የተያዘውን፣ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት የሚሆነውን ብርሃን ይደርስበታል፤ አልፎትም ይሄዳል።

ሞጣ ላይ ያገኘሁት የኬሚስትሪ መምህር ናኖ ሽቦ አላበቀለም። የሠራው በዓለም ዙሪያ በትምህርት ቤቶች የሚሠራውን፣ እሱ ግን ከፕላዝማ ቴሌቪዥን ዘመን ጀምሮ ልሥራው እያለ ሳያመቸው የቆየውን ሙከራ ነው። የእጅ መዳፍ የምታህል የመዳብ ዝርግ በአሸዋ ወረቀት ፈትጎ፣ በሳሙና አጥቦ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አስቀመጣት። በመጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ እየተቀላቀለ አማረባት፤ ከዚያ ሁሉንም ጥቁር ዋጠው። ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይቶ ምድጃውን አጠፋና እዚያው ቀስ ብላ እንድትቀዘቅዝ ተዋት። ስትቀዘቅዝ ጥቁሩ ቅርፊት ጠቅ ጠቅ እያለ ይዘል ጀመር፤ መዳቡና ኦክሳይዱ እኩል ስለማይኮማተሩ ነው። ተማሪዎቹ ሳቁ። የቀረውን በውኃ ሥር በጣቱ ብቻ አሻሸው፤ በብረት እንዳይፋቅ አስጠነቀቀ፣ ሥሩ ያለው ቀይ ሽፋን ስስ ነውና።

ከዚያ አፉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨው ያለበት ውኃ ሞላ፣ ቀዩን ዝርግ በአንድ ጎን፣ ያልተቃጠለ ንጹሕ መዳብ በሌላው ጎን አጥፎ ሰቀለ፤ እንዳይነካኩ መሐላቸውን ክፍት ተወ። ቢጫውን ቴስተር 200 ማይክሮ አምፔር ላይ አዞረው። በረንዳው ጥላ ሥር ቁጥሩ ከ10 በታች ነበር። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አወጣው። ቁጥሩ ወደ ላይ ሮጦ 30 አለፈ።

“ቲቸር፣ ጨውና መዳብ ባትሪ ሆኖ ቢሆንስ? ፀሐይዋ አሙቃው ቢሆንስ?” አለች ከኋላ የቆመች ልጅ።

መምህሩ መልስ አልሰጠም። ደብተሯን ተቀብሎ በጠርሙሱና በፀሐይዋ መካከል ያዘው። ቁጥሩ ወዲያው ወደቀ። አነሳው፤ ወዲያው ወጣ። ደጋግሞ አደረገው። “ውኃ እንዲህ ቶሎ ይቀዘቅዛል?” ብሎ ጠየቃት። አይቀዘቅዝም። ጥላ ሥር የነበረው ያ ትንሽ ቁጥር ግን እሷ ያለችው ባትሪ ሊሆን እንደሚችል አመነላትና ከሌላው ላይ እንድትቀንሰው አዘዛት።

ይህ ጥያቄና ያ ደብተር ላብራቶሪ ውስጥ ያለውን ሥራ ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። ታይፔም ሆነ ሎዛን፣ ብርሃን ተቀባይ ኤሌክትሮድ ሲፈተን መብራቱ በየጥቂት ሴኮንዱ ይከፈታል ይዘጋል። ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲለወጥ የሚወጣው መስመር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል፤ የጥርሱ ከፍታ የብርሃኑ ድርሻ ነው፣ የታችኛው መስመር የኬሚካሉ ነው። ጥርሱ ሹል ሆኖ ወጥቶ ከዚያ ከቀነሰ ኤሌክትሮኖቹ ወጥተው ሳይሄዱ ገጹ ላይ እየተጠራቀሙ ተመልሰው እየወደቁ ነው ማለት ነው። ልባሱ ጠቅሟል አልጠቀመም የሚታወቀው እዚያ ሹል ላይ ነው።

የሚቀጥለው ልኬት ቴስተር አይሠራውም። የኦክሳይዱን የኤሌክትሪክ ክምችት አቅም በተለያየ ቮልቴጅ እየለኩ መስመር ሲያወጡ፣ የመስመሩ ዘንበል ማለት በቁሱ ውስጥ ስንት ተጓዥ የኤሌክትሪክ ሙል እንዳለ ይናገራል፤ አቅጣጫው ደግሞ ተጓዡ ኤሌክትሮን ነው ወይስ ኤሌክትሮኑ የለቀቀው ክፍት ቦታ ይለያል። ቀዩ ኦክሳይድ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ከክሪስታሉ የመዳብ አቶሞች እዚህም እዚያም ስለሚጎድሉ ክፍት ቦታው ይበዛል። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በተለያየ ፍጥነት እየላኩ ደግሞ መሰናክሉ የቱ ጋ እንደሆነ ይታወቃል፦ ሽቦው ውስጥ ነው፣ ሽቦው ከመዳቡ ጋር በሚገናኝበት ነው፣ ወይስ ውኃውን በሚነካበት?

ይህ ሁሉ ብዙ ሚሊዮን ሽቦ በአንድ ላይ የሚሰጠው መልስ ነው፤ የመንጋ አማካይ ነው። የአንዱን ሽቦ ጠባይ ለማወቅ ሌላ ጣጣ አለ። ሽቦው ተነቅሎ ኦክሳይድ በለበሰ ሲሊኮን ላይ ይተኛል፣ በኤሌክትሮን ጨረር በሚጻፍ ንድፍ አራት የብረት እግር ይሰጠዋል። ለምን አራት? በሁለት እግር ቢለካ የሚነበበው የሽቦው መከላከል ብቻ አይሆንም፤ ብረቱ ሽቦውን የሚነካበት ቦታ መከላከልም አብሮ ይገባል፣ በናኖ ደረጃ ደግሞ ይህኛው ከሽቦው ሊበልጥ ይችላል። በውጭዎቹ ሁለት ኤሌክትሪኩ ይላካል፣ በውስጦቹ ሁለት ቮልቴጁ ይነበባል። ሲሊኮኑን ከሥር ቮልቴጅ ሲሰጡት ሽቦው ይከፈታል ወይም ይዘጋል፤ በዚያ ትራንዚስተር ሆነ ማለት ነው። የትሮንድሃይሙ ቡድንም ሽቦው ጥራት እንዳለው ያሳየው አንድ ነጠላ ሽቦ ብርሃን መለኪያ እንዲሆን አድርጎ ነው።

በግራፊን ላይ የቆመ ሽቦ ሲሆን ዋናው ጥያቄ እግሩ ጋ ነው። ግራፊኑ በር የለሽ ነው፤ ጋሊየም አርሰናይዱ 1.42 ኤሌክትሮን ቮልት የሚያህል በር አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ኤሌክትሮን በነጻ ይሻገራል ወይስ አጥር ይገጥመዋል? አጥር ካለ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ለፀሐይ ሴል አንዳንዴ ይፈለጋል፤ ብርሃን ለሚሰጥ ዳዮድ ግን ጉልበት የሚበላ ሌባ ነው። አጥሩን ዝቅ ለማድረግ ሽቦው ሲያድግ ሌላ አቶም በልኩ ይደባለቅበታል። ስለ ግራፊን የሚጻፈው የዜና ወሬ ብዙ ጊዜ ስለ ፍጥነቱ ነው፤ በላዩ የሚሠሩት ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት ግን በዚህች የእግር ጣት ስፋት ባላት ድንበር ላይ ነው።

አገራችን በዚህ ዓይነት ልኬት ዛሬ አልጀመረችም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተከተል ዮሐንስና ቴዎድሮስ ሰለሞን፣ ከስዊድን ሊንሾፒንግ ኦሌ ኢንጋነስ አንድ ፖሊመር ብርሃን ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ የለኩበትን ሥራ “ሲንተቲክ ሜታልስ” በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። የሞጣው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሴል የዚያ ቤተሰብ ነው። ወንድማገኝ ማሞም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ አዳዲስ ፖሊመሮችን ከስዊድን ባልደረቦቹ ጋር ሠርቷል። እነዚህ ሰዎች የመረጡት ቁስ በጠርሙስ የሚሠራ፣ በኬሚስትሪ ክፍል አቅም የሚለካ ነበር። ከመሣሪያ ማነስ የመጣ ምርጫ ነው የሚል ይኖራል፤ ይሁን። ነገር ግን ከዚያ ምርጫ የወጣው ሥራ በዓለም መጽሔት ተነቧል።

በዚህ ዓይን ሲታይ ለመዳብ ናኖ ሽቦ የሚያስፈልገው ዕቃ ዝርዝሩ አጭር ነው፦ ናይትሮጅን የሚያልፍበት ቱቦ ያለው እቶን፣ ቮልቴጁን ይዞ አምፔሩን የሚያነብ ፖቴንሺዮስታት፣ ብርሃኑ የታወቀ መብራት፣ የክሪስታሉን ዓይነት የሚለይ የኤክስሬይ መሣሪያ። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሌላ ከተማ ቢሆንም ናሙና በፖስታ ይሄዳል። ሙከራው ሲቋረጥም ኪሳራው ትንሽ ነው፤ በ500 ዲግሪ አራት ሰዓት ልቆይ ያለ እቶን በሁለተኛው ሰዓት መብራት ቢጠፋበት የሚበላሸው አንድ ቁራጭ መዳብ ነው። ከሠሪው ሰው የሚጠበቀው ደግሞ ያቺ ልጅ የጠየቀችውን ዓይነት ጥያቄ ሰልችቶት አለመተው ነው። ያልተጠየቀ ውጤት በናኖ ሽቦ ስም የተጻፈ የባትሪ ወሬ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ እንዲህ ዓይነት ወረቀት በዓለምም አልጠፋም።

ሞጣ ላይ ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ እንደቆየ ቁጥሩ እየወረደ መጣ። ከተማሪዎቹ አንዱ ፀሐይዋ ደከመች አለ፤ ሌላው ቴስተሩ ባትሪ ጨረሰ አለ። መምህሩ ዝርጉን አውጥቶ አሳያቸው። ቀዩ ሽፋን መልኩን ለውጧል፣ በአንዳንድ ቦታ ደብዝዟል። ኦክሳይዱ ራሱን መብላቱን በዚያ ብቻ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ነገራቸው፤ ጨውም ይበላዋል፣ ሽፋኑም ሲሻሽ ተልጦ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ለመለየት ምን እናድርግ ብሎ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈው። አንድ ዝርግ ፀሐይ ሳይነካው በጨው ውኃ ብቻ ይቆይ የሚል ሐሳብ መጣ። ሌላ ዝርግ ደግሞ ከጨው ውኃ ይልቅ በሌላ ፈሳሽ ይሞከር ተባለ።

የሰማያዊውን ሽቦ ነገር ስነግረው መምህሩ ፊቱ ፈካ። ኮስቲክ ሶዳ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ጋ ይገኛል፣ መዳብም አለ፣ ኤሌክትሪኩ ከስልክ ቻርጀር ሊመጣ ይችላል፤ 5 ቮልቱን በቀጥታ ቢሰጡት ግን ስለሚበዛ መሐሉ ላይ የሚገባውን ሬዚስተር አስልቶ ደብተሩ ላይ አሰፈረ። ልጆቹ ለነገ እንዲደረግ ፈለጉ። እሱ አልፈቀደም። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽርና ጓንት እስኪመጣ ድረስ ዕቃው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉም ከእሱ ኪስ አይወጣም። እስከዚያው ድረስ ተማሪዎቹ ሁለተኛውን ዝርግ በአሸዋ ወረቀት እንዲፈትጉ ታዘዙ።